ስለ ሕፃናት ክትባት፤ በደጋውና በሩቅ ቀበሌ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች

ባለፈው ትምህርታችን ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ እጅ መታጠብ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንመለከተው ከቤት ንጽሕና ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ፥ ነገር ግን በሳሙናና በውሃ ብቻ የማይገኝ መከላከያ ነው። ይኸውም ክትባት ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ታላሊ የሚባለው። በባሌ ደጋ የብዙው ቤት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፥ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ለጎረቤቱ በዚያው ቋንቋ ቢነግርለት ድካማችን ፍሬ አገኘ ማለት ነው።

«ቤቴን ጠርጌ፥ ውሃዬን አፍልቼ፥ ልጄን አጥቤ እያሳደግሁ እንዴት ኩፍኝ ያዘብኝ?» ብላ የምትጠይቅ እናት አትታጣም። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ንጽሕና ተቅማጥን፥ የዓይን ሕመምንና የቆዳ በሽታን ይከላከላል፤ ኩፍኝ ግን ይልቁንም በትንፋሽ የሚመጣ በሽታ ነው። የታመመው ልጅ ሲያስልና ሲያስነጥስ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ በቤቱ አየር ውስጥ ይበተናል፤ ልጁ ከቤት ወጥቶ ከሄደ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ድረስ በዚያው ሊቈይ ይችላል። ያልተከተቡና ኩፍኝ ይዟቸው የማያውቁ 10 ሰዎች ከበሽተኛው ጋር አብረው ቢቀመጡ 9 ያህሉ ይያዛሉ። በደጋ አገር ደግሞ ብርዱን ፈርተን በሩን ዘግተን፥ እሳት አንድደን፥ ሁላችንም ባንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን። እንግዲህ ወለሉ የቱንም ያህል ቢጠረግ ይህን በሽታ መጥረጊያ አይመልሰውም። በ2011 ዓ.ም. በጊኒር ወረዳ ኩፍኝ ተነሥቶ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኩፍኝ የሚነሣው ያልተከተቡ ልጆች በተሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ ከመቶ ልጆች 95ቱ ሁለቱንም ክትባት ቢያገኙ ግን የሚይዘው አጥቶ ይቆማል።

ክትባት ለባሌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በየመንደሩ ፊታቸውን ፈንጣጣ የጎዳው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ በክንድ ላይ በስለት ምልክት ማድረግም መክተብ ይባላል። ድሮ አባቶቻችን ከታመመ ሰው ቁስል መግል እየወሰዱ የጤነኛውን ክንድ በጥተው ያስገቡለት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አንዳንዱንም አድኖታል። ችግሩ ግን እውነተኛውን ፈንጣጣ ወደ መንደር የሚያገባበትም ጊዜ ነበር። በኋላ የመጣው የሐኪም ክትባት ይህ ጉዳት አልነበረበትም።

በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። ከታቢዎቹ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፥ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር፥ አንዳንድ ጊዜም በሄሊኮፕተር ይሄዱ ነበር። ባገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን ቦታው ሩቅ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ባሌ በሚባለው ግዛት፥ በኤል ከሬ ቆላ፥ ዲሞ በምትባል ትንሽ መንደር ነበር። በሽተኛዋም ትንሽ ልጅ ነበረች። ከተማ ለከተማ ቢዞሩ ኖሮ አያገኟትም ነበር። በሽታው መጨረሻ ላይ የሚደበቀው መንገድ በሌለበት ቦታ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሶማሊያ በመርካ ከተማ ተገኘ። ይህ ሰው አሊ ማው ማአሊን ይባላል፤ ሥራው ምን ነበር ቢባል የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበር! ሆስፒታል ውስጥ እየዋለ መርፌው ያመኛል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። እርሱ ድኖ ኋላ ራሱ ሰዎች ልጆቻቸውን ስለ ፖሊዮ እንዲያስከትቡ እየዞረ የሚያስተምር ሆነ። ይህን የምናወራው ሩቅ ያለ ሁሉ ሰነፍ፥ ቅርብ ያለ ሁሉ ትጉህ እንዳይመስላችሁ ነው። ጎባ ሆስፒታል አጥር ሥር የሚኖር ልጅም ሳይከተብ ሊቀር ይችላል።

ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለሕፃናት ሁሉ የሚሰጠውን መደበኛ ክትባት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ተሄዷል፤ ነገር ግን መንገዱ አላለቀም። መሠረታዊ ክትባታቸውን ሁሉ የጨረሱ፥ ዕድሜአቸው ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት የሆነ ልጆች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 14 ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. 20፤ በ2003 ዓ.ም. 24፤ በ2008 ዓ.ም. 39፤ በ2011 ዓ.ም. 43 ሆኑ። ቊጥሩ ማደጉ እውነት ነው። ቢሆንም በ2011 ዓ.ም. ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች አልጨረሱም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ጥሩ፥ ታክሲውም ብዙ ነው። ከጎባ ወደ ላይ ሳነቴን ወጥቶ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ፥ ከዚያም ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። ቱሉ ዲምቱ ቁመቱ 4377 ሜትር ሲሆን መንገዱ በአቅራቢያው ያልፋል። ጉም ሲወርድ አምስት እርምጃ ወደ ፊት አይታይም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቤት ደግሞ በፈረስ ወይም በእግር ካልሆነ አይደረስም። ወይብ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ወዲህ ማዶ ያለች እናት ወዲያ ማዶ ያለውን ጤና ኬላ በዓይኗ እያየች መሻገር ያቅታታል። ይህች እናት ልጇን አላስከተበችም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ወቀሳው ለእርሷ አይገባም እንላለን። አገልግሎቱ ወደ እርሷ መሻገር አለበት።

በነገራችን ላይ ቀይ ቀበሮን ከእብድ ውሻ በሽታ ለማዳን ሲሉ በባሌ ተራራ የሚሠሩ ሰዎች የእረኞችን ውሾች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሲከትቡ ኖረዋል። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም ይገድላልና። ታዲያ ውሻው ዘንድ የሚያደርስ መንገድ ከተገኘ ሕፃኑ ዘንድ የሚያደርስ እንዴት ይጠፋል? ይህን የምንለው ለመቀለድ አይደለም።

አንድ ጊዜ እኛው ራሳችን ከተማሪዎቻችን ጋር ሆነን ክትባት ይዘን ከጠዋት ጀምረን ተጉዘን ወደ አንድ የደጋ መንደር ደረስን። ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው። ለካ ቀኑ የገበያ ቀን ኖሯል! ከአንዲት አሮጊት በቀር ማንም አልነበረም፤ እርሳቸውም «ልጆቼ፥ ብትጠይቁን ኖሮ እንነግራችሁ ነበር» አሉን። ምን እንላለን? እውነት ነው። ቀኑን የቈረጥነው ከጠረጴዛ ላይ ሆነን ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የመንደሩን ሰው ሳንጠይቅ ቀን አንቈርጥም። ገበያው መቼ ነው? የበልጉ አጨዳ መቼ ይደርሳል፤ የመኸሩስ? ጁምዓና እሑድስ? በሲናናና በአጋርፋ እንደምናየው ገብሱና ስንዴው ሲደርስ እናት ከማሳ አትለይም፤ ስለዚህ ከታቢው ወደ ማሳው ዳር ቢመጣ ምን ይከለክለዋል? እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከገበያው ራሱ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ሁሉም እዚያ ነውና።

አሁን ክትባቱ መቼ መቼ እንደሚሰጥ እንናገር። ልጁ እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በክንዱ ላይ፥ የፖሊዮ ጠብታም በአፉ ይሰጠዋል። ቀጥሎ 6 ሳምንት፥ 10 ሳምንትና 14 ሳምንት ሲሞላው ሦስት ጊዜ ይመለሳል። በእነዚህ ሦስት ጊዜያት ከሚሰጡት አንዱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው፥ ባንድ መርፌ አምስት በሽታ የሚከላከለው ነው፤ ዘጊ አናዳን፥ ትክትክን፥ መንጋጋ ቆልፍን፥ የጉበት በሽታንና አንዱን ዓይነት ማጅራት ገትር ይከላከላል። የሳንባ ምችና የከባድ ተቅማጥ መከላከያም በዚሁ ጊዜ አለ። 9 ወር ሲሞላው የኩፍኝ፥ 15 ወር ሲሆነው ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል። ይህ ሁለተኛው ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ «የ9 ወሩን ወስዷል፥ ጨርሷል» ይላል። አልጨረሰም። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ ክትባቱ ሳይዝላቸው ይቀራል፤ ሁለተኛው እነዚያን ለመያዝ ነው። አዲስ ክትባት በየጊዜው ስለሚጨመር የቀረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ሁሉም በነጻ ነው፤ ማንም ገንዘብ ሊጠይቃችሁ አይገባም።

«6 ሳምንት፥ 10 ሳምንት የሚባለውን በምን አውቄ ልቁጠር?» የምትል እናት ካለች፥ እኛ የምንመክረው ይህን ነው። ልጁ የተወለደበትን ቀን ያዙ። ሐሙስ ተወልዶ እንደ ሆነ፥ የተወለደበትን ሐሙስ ሳትቈጥሩ ሐሙስ በመጣ ቊጥር አንድ ባቄላ በጣሳ ውስጥ ጣሉ። ባቄላው 6 ሲሞላ መሄጃው ደረሰ፤ 10 ሲሞላ እንደገና፤ 14 ሲሞላ ሦስተኛው ነው። ጣሳውን ሌላ ልጅ እንዳይነካው ከፍ አድርጎ መስቀል ነው፤ ባቄላው ተቈልቶ እንዳይበላም መጠንቀቅ ነው! በወር የሚቈጥር ሰው ደግሞ የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 6 ሳምንት ማለት አንድ ወር ከ12 ቀን፥ 10 ሳምንት ሁለት ወር ከ10 ቀን፥ 14 ሳምንት ሦስት ወር ከ8 ቀን መሆኑን ይያዝ። ጳጉሜን በመካከል ከገባች የእርሷን ቀኖች መቀነስ ነው።

ስም በሰባተኛው ቀን የሚወጣበት ቤት ከስም ማውጫው በኋላ አምስት ሳምንት ቢቈጥር ለመጀመሪያው ይደርሳል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና በሚነሣበት ቤት ክትባቱ የክርስትናው ድግስ ማግሥት ነው ማለት ይቻላል። ለሴት ልጅ ግን 80 ቀን የሚጠብቅ ቤት ሁለቱን ጊዜ ያሳልፍባታል፤ የ6 ሳምንቱም የ10 ሳምንቱም ከ80 ቀን በፊት ናቸውና። እናቲቱ እስከዚያ ከደጅ መውጣት በልማዱ የማይሆንላት ከሆነ፥ አባት ወይም አክስት ሄደው ለጤና ኬላዋ ይንገሩ፤ ሠራተኛዋ ወደ ቤት ልትመጣ ትችላለች። ሴቷ ልጅ ከወንድሟ ይልቅ ለበሽታ ተጋልጣ ትቈይ ብሎ የሚፈቅድ ወላጅ ያለ አይመስለንም።

ስለ ክትባቱ ሣጥን ጥቂት እንንገራችሁ፤ ከታቢዎች መሽቶባቸው እናንተ ቤት ሊያድሩ ይችላሉና ነገሩ ለእናንተም ያስፈልጋል። ክትባት እንደ ወተት ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቈየት አለበት። ስለዚህ በበረዶ ከረጢት ተከቦ በሣጥን ይጓዛል። ይህ ለቆላ የሚያስቸግር፥ ለደጋ ቀላል ይመስላል። ግን አይደለም። በሳነቴ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ውሃ በእንስራ ይረጋል። ባምስት በሽታ ላይ የሚሠራው ክትባትና የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ ኋላ ቢሟሙም ኃይላቸው ጠፍቷል። ለዓይን ደህና ይመስላሉ፤ ልጁም ተወግቶ ያለቅሳል፤ መከላከያው ግን የለም። ስለዚህ ሣጥኑን ደጅ አታሳድሩት። ምድጃ አጠገብም አታስቀምጡት። ከእሳት ራቅ ብሎ በቤት ውስጥ ይደር፤ ክዳኑን ልጆች አይክፈቱት፤ ሥጋና ቅቤም አይቀመጥበት። በብዙዎቹ ብልቃጦች ላይ በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ ከሆነ ሙቀት አልጎዳውም ማለት ነው፤ እንደ ክቡ ከጠቈረ ግን ለማንም አይሰጥም። «እስቲ አሳዪኝ» ብትሉ ነውር የለበትም። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ መርፌ ከማሸጊያው ሲወጣ ማየትም መብታችሁ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ እናቶችን በጣም የሚያስቀይም ነው፥ የሚያስቀይምም ይገባዋል። እናት ግማሽ ቀን ተጉዛ ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች፤ «ልጆች ሲበዙ ነይ» ተብላ ትመለሳለች። ምክንያቱ ይህ ነው። የሳንባ ነቀርሳና የኩፍኝ ክትባት ለብዙ ልጅ የሚሆነው ባንድ ብልቃጥ ነው፤ ዱቄቱ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቈይም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ብልቃጡን ለአንድ ልጅ ለመክፈት ትሳሳለች። መሳሳቷን እንረዳለን። ነገር ግን እኛ ለተማሪዎቻችን የምናስተምረው ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ብለን ነው። የተደፋ ክትባት ይተካል፤ ተመልሳ የሄደች እናት ግን ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች። እናንተም ብትመለሱ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ «የምመጣበትን ቀን ንገሪኝ፥ በካርዱ ላይም ጻፊልኝ» በሉ። ጎረቤታሞች ልጆቻችሁ ተቀራራቢ ከሆኑ ደግሞ ባንድነት ሂዱ፤ መንገዱም አይረዝምም፥ ብልቃጡም አይባክንም።

በጎዳንቱ ጊዜ ከብት ይዘው ከደጋው ወደ ሐረና ወይም ወደ ቆላ የሚወርዱ ቤተ ሰቦች የተለየ ችግር አላቸው። የመጀመሪያው ክትባት ላይ ቤታቸው ነበሩ፤ ሁለተኛው ሲደርስ ጫካ ናቸው። ስትመለሱ ካርዱ ጠፍቷል፤ ጊዜውም አልፏል። ሀፍረት ይዟችሁ አትቅሩ። ከጊዜው ቢዘገይም የተጀመረው ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርም። በወረዳችሁ የተጀመረው በሌላ ወረዳ ይሰጣችኋል፤ በዶሎ መናም ቢሆን በጎሮ። ከመውረዳችሁ በፊት ለሠራተኛዋ የምትሄዱበትን ንገሯት፤ የዘገየውንም ጊዜው ከደረሰ ከመሄዳችሁ በፊት ትሰጣችሁ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የመሬት ግብር ደረሰኝ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት። የግብር ደረሰኙን ማንም ሲጥል አላየንም።

ከመርፌው በኋላ ልጁ ማታ ትኩሳት ሊሰማው፥ ጭኑም ትንሽ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ሰውነቱ እየተማረ መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ባንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ጡት አጥቡት፤ ልብስ አትደራርቡበት። የሳንባ ነቀርሳው ክትባት ያረፈበት ቦታ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቊስል ይሆንና ጠባሳ ጥሎ ይድናል። በዚህ ቊስል ላይ ቅቤ፥ እበት ወይም ቅጠል አታድርጉ፤ በንጹሕ ውሃ አጥቦ መተው ይበቃል። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ቢያልፍ ወይም ልጁ ቢያንቀጠቅጠው፥ ጡት እምቢ ቢል ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጉንፋን የያዘው ልጅ አይከተብም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ቀላል ጉንፋንና ተቅማጥ ክትባት አያስቀርም። ይልቅስ የሚሻለው ወስዶ ለሠራተኛዋ ማሳየት ነው።

ኩፍኝ የያዘውን ልጅ በጨለማ ቤት ዘግቶ፥ ውሃ ከልክሎ፥ ሐኪም ዘንድ ሳይወስዱ ማቈየት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ልጁን ወደው እንጂ ጠልተው አይደለም። ነገር ግን ልጁን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከኩፍኙ ጋር የሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው፤ ውሃ ሲከለከል ይብስበታል። ውሃና ጡት ይሰጠው፥ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ፤ እዚያ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይኑን ከመታወር ያድነዋል።

እርጉዝ እናቶችም የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት አትርሱ። በእናቲቱ ክንድ የሚገባው ክትባት ገና ያልተወለደውን ልጅ ይጠብቃል። እትብት በሚቈረጥበት ምላጭ ንጽሕና ላይ በሚቀጥለው ጽሑፍ ሰፋ አድርገን እንመለሳለን።

እስከዚያው ግን የየመንደሩ ሰዎች አንድ ነገር እንዲያደርጉልን እንለምናለን። በዕድር ወይም በሌላ ስብሰባ ቀን በመንደራችሁ አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት በስም ቊጠሩ፤ ከወንዝ ማዶ ያለውን፥ በጫካ ዳር ብቻውን ያለውን፥ በቅርብ መጥቶ የሰፈረውንም ቤት አትዝለሉ። ጽሑፍ የሚያውቅ ተማሪ ይጻፈው። ክትባት ለመስጠት የሚመቸውን ቀንና ቦታ፥ የማይመቸውንም የገበያና የአጨዳ ቀን ከታች ጨምራችሁ ለጤና ኬላዋ ስጡ። በየሦስት ወሩም አዲስ የተወለዱትን ጨምሩበት።